ጥላን መትከል፦ የሰፈርን ሙቀት በዛፍ ስለ መቀነስ ከሶደሬና ከአዳማ የምንማረው

ከአዳማ እስከ ሶደሬ ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሶደሬ ከአዳማ ዝቅ ያለ ቆላ በመሆኑ አየሩ ከአዳማም ይልቅ ሞቃት ነው። ሆኖም የአዳማና የአዲስ አበባ ሰው በበጋ ለማረፍ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሰዉን የሚስበው ፍል ውኃውና መዋኛው ብቻ አይደለም፤ በአዋሽ ወንዝ ዳር የቆሙት ትላልቅ ዛፎች ጥላም ነው። ከጥላው ሥር የተቀመጠ ሰው ሜዳ ላይ ካለው ሰው ጋር አንድ አየር እየተነፈሰ የሚሰማው ሙቀት ግን ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት በየሰፈራችን ማምጣት ይቻላል ወይ? በአዳማ፣ በሞጆ፣ በወለንጪቲ፣ በመተሐራ፣ በመቂና በባቱ የሚኖር ሕዝባችን በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ሙቀቱን በገላው ያውቀዋል። በጉሊት የምትውል እናት፣ ባጃጅ የሚያሽከረክር ወጣት፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሚማር ሕፃን፣ በጁሙዓ ቀን መስጂዱ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚሰግድ አዛውንት፣ ሁሉም ጥላ ይፈልጋሉ። ጥላ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዛፍ ሙቀትን እንዴት እንደሚቀንስ፣ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የትኛው ዛፍ እንደሚስማማ፣ የት፣ መቼና እንዴት እንደሚተከል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን እንደሚጠብቀው እንመለከታለን። የምናነሳው ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ጥላ የሚገኘው ግን ቢያንስ ሁለት በጋ ውኃ ላጠጣ ሰው ነው።

ከተሞቹ ለምን ይግላሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስትገኝ አዳማ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። ሶደሬ ከ1,400 ሜትር በታች፣ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው። በአማካይ 1,000 ሜትር ዝቅ ባልን ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው ገና ቤት ሳይሠራና አስፋልት ሳያነጥፍ ከደጋ ነዋሪ የበለጠ ሙቀት ይዞ ይጀምራል።

ሁለተኛው የእጃችን ሥራ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ግድግዳ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ቀኑን ሙሉ የፀሐይን ሙቀት ይጠጣሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ የጠጡትን መልሰው ይተፋሉ። ቤቶች በተጠጋጉበት፣ ዛፍ በሌለበት ሰፈር ሌሊቱ ቶሎ የማይቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ገላ የሚያርፈው በሌሊት ስለሆነ ሕፃናትን፣ አዛውንትንና የልብ ሕሙማንን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ የሌሊት ሙቀት ነው።

ሦስተኛው የዛፉ መመናመን ነው። በስምጥ ሸለቆ መንገድ የተጓዘ ሁሉ በመንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያውቀዋል። ያ ከሰል ትናንት ግራር ነበር። ከተሞቻችን ለማገዶ የሚያቃጥሉት በዙሪያቸው ያለውን ጥላ ነው ማለት ይቻላል። የአዳማ ስም ራሱ «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ የቁልቋል ስም እንደመጣ በብዙዎች ይነገራል። በተክል የተጠራች ከተማ ተክሏን እያጣች ስትሄድ ማየት ያሳዝናል።

በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። አዳማ ነፋሻ መሆኗን ለማወቅ በኮረብቶቿ ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ በ2015 የተጠናቀቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህ ነፋስ ለመብራት በረከት ነው፤ ለአዲስ ችግኝ ግን ፈተና ነው። ቅጠሉን ያደርቃል፣ ግንዱን ያጣምማል፣ አቧራውን ያነሳል። ትልቅ ዛፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱን የሚያበርደውና አቧራውን የሚይዘው ዛፉ ይሆናል።

ዛፍ ሙቀትን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጥላ ነው። የፀሐይ ጨረር መሬቱን፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን ከመምታቱ በፊት ቅጠሉ ይቀበለዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚያስቀምጠው፣ ጥላ ያረፈበት ገጽ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ገጽ ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይህ የአየሩ ሳይሆን የመሬቱና የግድግዳው ልዩነት ነው። ሰው ግን የሚቃጠለው በአየሩ ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው በሚወጣበት ግለትም ስለሆነ ልዩነቱን በደንብ ይሰማዋል።

ሁለተኛው መንገድ ትነት ነው። ዛፍ በሥሩ ውኃ ስቦ በቅጠሉ ያተናል። ውኃ ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል፤ በእንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ያው ኤጀንሲ እንደሚለው ትነቱ ብቻውን ወይም ከጥላው ጋር ሆኖ የበጋውን ከፍተኛ ሙቀት ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀንስ ይችላል። አየሩ ደረቅ በሆነባቸው እንደ አዳማ ባሉ ከተሞች ትነት ጥሩ ያቀዘቅዛል። ቅድመ ሁኔታው ግን የዛፉ ሥር ውኃ ማግኘቱ ነው። የተጠማ ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል ወይም ትነቱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ጥላውም ቅዝቃዜውም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ነው ሶደሬ የሚያስተምረን። የሶደሬ ዛፎች የቆሙት በአዋሽ ዳር ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ በ1960 ከተሠራ ወዲህ ወንዙ ከግድቡ በታች በበጋም ውኃ ይለቀቅለታል። ስለዚህ የዛፎቹ ሥር ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ያገኛል። በተጨማሪም ዛፎቹ ጠባቂ ባለው ግቢ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ የሶደሬ ጥላ ምሥጢር ሁለት ነገር ነው፦ ውኃና ጠባቂ። በሰፈራችን ዛፍ ስንተክልም የሚጎድሉት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

በሌሎች ከተሞች የታየው

ሩቅ ሳንሄድ ድሬዳዋን እናንሳ። ከባቡሩ ጋር እ.ኤ.አ በ1902 የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ከአዳማም በላይ ትሞቃለች። በዚያ ሙቀት መካከል ግን የከዚራ ሰፈር በመንገዶቹ ግራና ቀኝ በተተከሉ ዛፎች ጥላ ይታወቃል። ጥላው የተገኘው መንገዱ ሲቀየስ ለዛፍ ቦታ ስለተተወለትና የተተከለውም እንዲያድግ ስለተደረገ ነው።

በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ መንገዶችንና የወንዝ ዳርቻዎችን ተከትለው 30 አረንጓዴ መተላለፊያዎች ተተከሉ። የከተማው አስተዳደር ሥራው ሙቀቱን በ2 ዲግሪ ገደማ እንደቀነሰ አስታውቋል። በአውሮፓ 93 ከተሞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ2023 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም አለ። የከተሞቹ የዛፍ ሽፋን ወደ 30 ከመቶ ቢያድግ፣ በከተማ ሙቀት ምክንያት በበጋ ከሚደርሰው ሞት ከሦስት አንዱን ያህል ማስቀረት እንደሚቻል አሳይቷል።

ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዐረፋ ነው። ለሑጃጆች ጥላ እንዲሆን በማሰብ በዐረፋ ሜዳ ላይ ወደ 50,000 የሚጠጉ የኒም ዛፎች ተተክለዋል። ሐጅ አድርጎ የተመለሰ ሰው ያንን ጥላ ያስታውሰዋል። ጥላ የነፍስ ጉዳይ መሆኑም በዚያው ምድር ታይቷል፤ እ.ኤ.አ በ2024 ሐጅ ወቅት የመካ ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ከ1,300 በላይ ሑጃጆች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ በፀሐይ ላይ መጠለያ ሳያገኙ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ።

ጥላ በዲናችን

ዛፍ መትከል በኢስላም ምንዳ ያለው ሥራ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ወይም ከዘራው አዝመራ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው የሚያዘው ሐዲስም በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ ይገኛል።

ብዙም የማይነሳው ግን ጥላን የሚመለከተው ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በሰዎች መተላለፊያ ወይም በሚያርፉበት ጥላ ላይ መጸዳዳት እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ተቆጥሮ ተከልክሏል። ከዚህ የምንረዳው ጥላ የሕዝብ ሐቅ መሆኑን ነው። ጥላን ማቆሸሽ ነውር ከሆነ ያለ በቂ ምክንያት ዛፉን መቁረጥማ ምን ያህል ይከብዳል! እንዲሁም ሙቀት በበረታ ጊዜ የዙህር ሶላት ጥቂት ቀዝቀዝ እስኪል እንዲዘገይ የሚፈቅደው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህም ዲናችን ሰው በሙቀት እንዳይጎዳ ምን ያህል እንደሚያስብ ያሳያል።

የትኛውን ዛፍ?

ለሰፈር የሚመረጥ ዛፍ አራት ነገር ማሟላት አለበት፦ ሰፊ ጥላ፣ ድርቅን መቻል፣ በበጋ ቅጠል መያዝ፣ ሥሩ ቤትና ቧንቧ አለመጉዳት። አራቱንም በአንድ ላይ የሚያሟላ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እንደ ቦታው እንምረጥ።

ኒም ለቆላ ከተማ ተስማሚ ነው። ሙቀትንና ድርቅን ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉን አያራግፍም። ለመስጂድ ግቢ፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ዳር ይሆናል።

ግራር የአገሩ ልጅ ነው። ጃንጥላ መሰሉ ግራር በስምጥ ሸለቆ ያደገ ስለሆነ ድርቁን ያውቀዋል። በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው፤ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለብሳል። ጥላ በጣም በሚፈለግበት ወቅት አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ግራሮች እሾህ ስላላቸው ሕፃናት ከሚጫወቱበት ራቅ ብለው ቢተከሉ ይሻላል።

የድሬዳዋ ዛፍ በሚያምር ቀይ አበባውና እንደ ጣሪያ በተዘረጋ ቅርንጫፉ ይታወቃል። ጥላው ሰፊ ነው፤ ሆኖም በደረቁ ወቅት ለጥቂት ጊዜ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ሥሩም ወደ ላይ ስለሚወጣ ከግድግዳና ከእግረኛ መንገድ መራቅ አለበት። ቁንዶ በርበሬ የሚባለው ቅርንጫፉ የሚንጠለጠል ዛፍም ድርቅን ይችላል።

ሾላና ዋርካ ታላላቅ የጥላ ዛፎች ናቸው። ቦታቸው ግን ሰፊ ሜዳ፣ የወንዝ ዳርና የመቃብር ስፍራ ነው። ሥራቸው ቧንቧና መሠረት ስለሚሰነጥቅ በጠባብ ግቢ አይተከሉም። ዋንዛ ውኃ ካገኘ ጥሩ ጥላ ይሰጣል። በግቢ ውስጥ ማንጎ ጥላም ፍሬም ይሰጣል፤ ፍሬ ያለው ዛፍ ደግሞ ባለቤቱ ውኃ ማጠጣቱን አይረሳም። ሽፈራው ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉም ይበላል፤ ጥላው ግን ስስ ነው።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ታሪኩን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ነበር። ለዚያ ዓላማ አገልግሏል። ለሰፈር ጥላ ግን አይመከርም፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጥላው ትንሽ፣ የውኃ ፍላጎቱም ከፍ ያለ ነው።

ፈጽሞ መትከል የሌለብን ፕሮሶፒስ ነው። ከአዋሽ ወደ ታች በአፋር በኩል እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ገባ፤ ድርቅን ስለሚችልና ጥላ ስለሚሰጥ ጥሩ መስሎ ነበር። ዛሬ የግጦሽ መሬትን ወርሮ አርብቶ አደሩን ያስቸገረ አረም ሆኗል። ቶሎ ማደጉን ብቻ አይቶ ዛፍ መምረጥ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ እንማር።

የት እንትከል?

አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የዛፍ ጥላ የሚወድቀው ከሥሩ ብቻ ነው። ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚሰለፍበትና የሚሰግድበት ቦታ በቀጥታ በቅርንጫፉ ሥር እንዲሆን አስቡ። ቤትን ለማቀዝቀዝ ደግሞ ዛፉ በምዕራብ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ግድግዳውን በጣም የሚያግለው ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ነውና።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው ቦታዎች ሰው ፀሐይ ላይ ለመቆም የሚገደድባቸው ናቸው፦ የታክሲና የባጃጅ መቆሚያ፣ ጉሊት፣ የውኃ ቦኖ፣ የጤና ጣቢያ በር፣ የትምህርት ቤትና የመድረሳ ግቢ፣ የመስጂድ ግቢ፣ የመቃብር መንገድ።

በመንገድ ዳር ሲተከል በዛፎቹ መካከል ከ6 እስከ 8 ሜትር ይተው። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ረጅም ዛፍ አይተከልም፤ ነገ መቆረጡ አይቀርም። በሕዝብ መንገድ ላይ ከመትከል በፊት የከተማውን አስተዳደር ማስፈቀድ ግድ ነው። መንገዱ ሊሰፋ የታቀደ ከሆነ አምስት ዓመት የተለፋበት ዛፍ በአንድ ቀን ይነቀላል። የመንገዱን ፕላን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

የዛፉን ብዛት ለመመዘን ቀላል መለኪያ አለ። ሴሲል ኮኔይነንዳይክ የተባሉት የከተማ ደን ባለሙያ እ.ኤ.አ በ2021 ያቀረቡት «3፣ 30፣ 300» ይባላል። ከእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ 3 ዛፍ ይታይ፣ ከሰፈሩ 30 ከመቶው በዛፍ ጥላ ይሸፈን፣ ከቤት እስከ አቅራቢያው መናፈሻ 300 ሜትር ይሁን ነው ነገሩ። ሰፈራችን ከዚህ የቱ ጋ እንዳለ ቆመን ማየት እንችላለን።

መቼና እንዴት?

የአዳማና የአካባቢው ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ይከፋፈላል።

በግንቦት ጉድጓድ ይቆፈራል። ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው ለም አፈር ለብቻ ይቀመጣል፤ ኋላ ከብስባሽ ወይም ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። የአዳማ አፈር በብዙ ቦታ ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ የእሳተ ገሞራ አፈር ስለሆነ ብስባሹ ውኃ ለመያዝ ይረዳል።

ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ይተከላል። ለመንገድ ዳር የሚሆን ችግኝ ቁመቱ ከ1 ሜትር ቢበልጥ ይመረጣል። ስንዝር የሚያህለውን ችግኝ ፍየል ይበላዋል፣ እግር ይረግጠዋል፤ አንድ ዓመት በትልቅ ፕላስቲክ ማሳደግ ይሻላል። ሲተከል ፕላስቲኩን ማውጣት አይረሳ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታንቆ ይሞታል፤ በዘመቻ ተከላ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ይኸው ነው።

ከተተከለ በኋላ ዙሪያው ውኃ እንዲይዝ እንደ ሳህን ይደረጋል፣ በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ይሸፈናል። ነፋሱ እንዳያጣምመው በለስላሳ ጨርቅ ከካስማ ጋር ይታሰራል። ከፍየል፣ ከበግና ከአህያ የሚጠብቀው አጥር ይደረግለታል። አጥር የሌለውን ችግኝ አለመትከል ይሻላል።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ውኃ ይጠጣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንሰጠው በስድስት ወር 1,040 ሊትር ይሆናል። አንድ ዛፍ በአንድ በጋ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል ብለን እንያዝ። 50 ዛፍ ከሆነ 52 ሜትር ኩብ ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ 50 ችግኝ መትከል 50 ችግኝ ማባከን ነው። ውኃው ከፈጅር በኋላ ወይም ከዐስር በኋላ ቢሰጥ በፀሐይ አይተንም። የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆቡን በመርፌ በስቶ ከሥሩ አጠገብ መቅበር ውኃው ቀስ ብሎ እንዲንጠባጠብ ያደርጋል።

ውኃው ከየት ይምጣ?

አዳማ ውኃ በፈረቃ የሚደርስባቸው ሰፈሮች ያሏት ከተማ ናት። የሚጠጣ ውኃ ለዛፍ ማፍሰስ ከባድ ነው። ነገር ግን በየመስጂዱ በቀን አምስት ጊዜ ወደ ቦይ የሚሄድ ውኃ አለ፤ የዉዱእ ውኃ። ሳሙና የሌለበት፣ ለተክል የማይጎዳ ውኃ ነው።

ሒሳቡን እናስላ። በቧንቧ ዉዱእ የሚያደርግ ሰው 3 ሊትር ቢጠቀም፣ 100 ሰው በአንድ ሶላት 300 ሊትር ያፈሳል። ይህ 15 ጀሪካን ነው፤ በዚያ ቀን ለ15 ዛፍ ይበቃል። የዉዱእ ቦታውን መፍሰሻ በጠባብ ቦይ ወይም በቧንቧ ወደ ዛፎቹ ማዞር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሳሙና እጅ የሚታጠቡበትና የመጸዳጃ ፍሳሽ ግን ከዚህ መለየት አለበት።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። ዛፍ ይጠጣል ብሎ ውኃ ማባከን አይገባም፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውኃ ነበር። ሁለተኛ፣ ውኃው ከተጠራቀመ ገንዳው ይከደን። በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው «አኖፊለስ ስቴፈንሲ» የተባለች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ በ2016 ነው፤ እ.ኤ.አ በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ጋር ተያይዛለች። ጥላ ስንፈልግ ወባ እንዳናመጣ እንጠንቀቅ።

ማን ይጠብቀው?

ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ በመላው አገሪቱ ችግኝ ይተከላል። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ትልቁ ጥያቄ ግን ስንት ተተከለ ሳይሆን ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው። በሰፈር ደረጃ ይህን ጥያቄ መመለስ ይቻላል፤ ዛፉ በዓይናችን ፊት ነውና።

መስጂድ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ሰው በየቀኑ ይመጣል፣ ውኃ አለው፣ ግቢ አለው፣ ኮሚቴ አለው። እድርም እንዲሁ፤ ስለ ቀብርና ስለ ድንኳን የተደራጀ ሰው ስለ ዛፍም መደራጀት አያቅተውም። ጥላው ሃይማኖት አይለይምና በሰፈሩ ከሚኖሩ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድነት ቢሠራ ሥራውም ይቀላል፣ ጉርብትናውም ይጠብቃል።

አሠራሩ ቀላል ይሁን። እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥርና ተጠሪ ቤተሰብ ይኑረው። የመድረሳ ልጆች አንድ አንድ ዛፍ ቢይዙ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ በሕይወት ያለው ይቆጠር፤ ቁጥሩ ከጁሙዓ በኋላ ለጀመዓው ይነገር። የሞተው በቀጣዩ ክረምት ይተካ። አቅም ያለው ወንድም ወይም እህት ችግኝ ከመግዛት ይልቅ የአንድ በጋ ውኃና የአጥር ወጪ ቢሸፍን ይበልጥ ይጠቅማል። ችግኝ ርካሽ ነው፤ ውድ የሆነው ማሳደጉ ነው።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። 100 ችግኝ ተክሎ 10 ከማትረፍ 15 ተክሎ 14 ማትረፍ ይሻላል። የዉዱእ ውኃችን ስንት ዛፍ እንደሚያጠጣ እንቁጠር፣ ያንን ያህል ብቻ እንትከል። እነዚያ ሁለት በጋ ካለፉ በኋላ ሥራቸው ወደ ታች ስለሚጠልቅ ውኃው ወደሚቀጥሉት 15 ይዞራል። በስድስት ዓመት ሦስት ዙር፣ 45 ዛፍ ይሆናል፤ አንድ የመስጂድ ግቢንና በዙሪያው ያለውን መንገድ ለማጥላት ይህ ትንሽ አይደለም።

የዛሬ ተካይ ጥላውን ሙሉ በሙሉ ላያገኘው ይችላል። ይሁንና ከእርሱ በኋላ ከዛፉ ሥር ባረፈ ሰው ሁሉ ልክ ሥራው ይቀጥላል፤ ሶደቀቱን ጃሪያ ማለትም ይኸው ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለመትከልም ለመንከባከብም ይወፍቀን።